ጉድጓዱ ሳይደርቅ እንለካ

የድንጋይ ከሰል ከመሬት በታች በሚቆፈርበት አገር የተለመደ ክርክር አለ። ገበሬው «ጉድጓዴን ያደረቀው ማዕድኑ ነው» ይላል፤ ኩባንያው «የለም፤ የዝናብ እጥረት ነው» ይላል። ዳኛው ግን ሁለቱንም አንድ ነገር ይጠይቃል፤ ቁፋሮው ከመጀመሩ በፊት በጉድጓዱ ውስጥ ምን ያህል ውሃ ነበረ? ለዚህ በጽሑፍ የተያዘ መልስ ከሌለ፣ እውነት ይዞ የቀረበው ገበሬ ባዶ እጁን ይመለሳል። ስለዚህ ውሃን ቀድሞ መለካት የፍትሕ ጉዳይ ነው እንላለን።

ለምሳሌ በአሜሪካ የፔንሲልቫኒያን ግዛት እንመልከት። በደቡብ ምዕራቡ በኩል መኪናው ከሰሉን እየላጠ ወደ ፊት ሲገፋ፣ ጣራውን የያዙት የብረት ድጋፎች አብረውት ይሄዳሉ፤ የኋላው ጣራ ይናዳል። ከላይ ያለው አለት ይሰነጠቃል፤ የምድሩም ገጽ አንድ ሜትርና ከዚያ በላይ ሊሰምጥ ይችላል። ውሃው በስንጥቁ ወደ ታች ይሰርጋል፤ ጉድጓድ ይጎድላል፤ ምንጭም የጥንት ቦታውን ትቶ ከቁልቁለቱ በታች ይፈልቃል። ከከሰሉ ጋር ያለው የብረትና የድኝ ውሑድ አየርና ውሃ ሲያገኘው ደግሞ አሲድ ያወጣል፤ ጅረቱም የዝገት መልክ ይይዛል።

በ1994 እ.ኤ.አ. በዚያ ግዛት የወጣው ሕግ፣ ውሃ ያበላሸ ኩባንያ እንዲያድስ ወይም እንዲተካ ያስገድዳል። ከቁፋሮው በፊትም የጉድጓዱና የምንጩ ውሃ እንዲመረመር ያዛል። ከማዕድኑ ጠርዝ በ35 ዲግሪ ወደ ውጭ ተለክቶ በሚከለለው መሬት ውስጥ ያለ ውሃ ቢጎዳ፣ ጥፋቱ የኩባንያው እንደ ሆነ ይገመታል፤ «እኔ አይደለሁም» ብሎ የማስረዳቱ ሸክም በኩባንያው ላይ ይወድቃል። በየአምስት ዓመቱም የጉዳቱ ሁኔታ ተጠንቶ ይቀርባል፤ ከ2008 እስከ 2013 ያለውን ጊዜ ያጠኑት የፒትስበርግ ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ናቸው።

ይሁን እንጂ ሕጉ ሁሉን አያድንም። የመጀመሪያውን ምርመራ የሚያካሂደው ራሱ ኩባንያው ነውና «አባቱ ዳኛ ልጁ ቀማኛ» የሚያሰኝ ቀዳዳ አለበት። በ2005 በራየርሰን ስቴሽን መናፈሻ ግድቡ ተሰንጥቆ ሐይቁ እንዲለቀቅ ሆነ። መንግሥት የማዕድን ሥራው ጥፋት ነው ብሎ የደመደመው በ2010 ነው፤ በ2013 ኩባንያው 36 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ፤ በ2015 ግን ምድሩ ገና ስለሚንቀሳቀስ ግድቡ እንደማይሠራ ተነገረ። ገንዘቡ መጣ፤ ሐይቁ ግን አልተመለሰም።

ይህ ለእኛ የሩቅ ወሬ አይደለም። በኢሉባቦር በያዩ ምድር ከሰል አለ፤ ከላዩ ደግሞ በ2010 በዩኔስኮ የተመዘገበው የጫካ ቡና ደን አለ፤ የገባ ወንዝም ያልፍበታል። «አገር ሲሚንቶ እየፈለገች፣ ሲሚንቶውም ከሰል እየፈለገ፣ ስለ ጉድጓድ ልትሟገቱ ነውን?» የሚለን አይጠፋም። እኛ ከሰል አይውጣ አላልንም። ከማውጣት በፊት ይለካ፤ የሚለካውም ኩባንያው ብቻ አይሁን ነው ያልነው።

ሥራውስ ምን ይጠይቃል? የውሃውን ጥልቀት ለማወቅ ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ፤ የምንጩን ፍሰት ለማወቅ ባልዲና ሰዓት፤ አሲዱን፣ ብረቱንና የድኙን ጨው ለማወቅ አንድ ላቦራቶሪ ይበቃል። አንድ ቀን ብቻ ለክቶ መመለስ ግን ዋጋ የለውም፤ በበጋ የጎደለውን ጉድጓድ ማዕድኑ አጎደለው እንዳይባል፣ በክረምትም በበጋም፣ ዓመታት እየተከታተሉ መመዝገብ ያስፈልጋል። የመዝገቡም አንድ ቅጂ በገበሬው እጅ ይቀመጥ።

የኬሚስትሪ፣ የጂኦሎጂና የሕግ ተማሪ የሆንህ ወንድማችን፣ የሆንሽ እኅታችን፤ ይህ የእናንተ ሥራ ነው። ጉድጓዱ ከደረቀ በኋላ የምንጽፈው ጥናት ለመመረቂያ ይጠቅመን ይሆናል፤ ለባለ ጉድጓዱ ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው።