ሄድፎኑን ከመቀየራችሁ በፊት አቀማመጡን አስተካክሉ



ዛሬ የምጽፈው ስለ ሄድፎን ነው። «ቲቸር ሥራ ፈታ እንዴ?» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ግን እስቲ ሳጉሬ አስፋልቱ ዳር አስር ደቂቃ ቁሙና የሚያልፈውን ወጣት ተመልከቱ። ተማሪው፣ ባጃጅ ነጂው፣ ሱቅ ጠባቂው፣ አዝመራ ሲደርስ ደግሞ የኮምባይነር ረዳቱ ሳይቀር አንገቱ ላይ ወይ ጆሮው ላይ ያ ታጣፊ ሄድፎን አለ። በብዛት «ፒ47» የሚል የተጻፈበት፣ ጆሮን የማይሸፍን፣ ጆሮ ላይ ብቻ የሚቀመጠው ማለቴ ነው።

ከብዙዎቻችሁ የምሰማው ቅሬታ ሦስት ነው። «ጆሮዬን ያመኛል»፣ «ቤዝ የለውም»፣ «ድምፁ አይበቃኝም»። መፍትሔ የሚባለውም ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ወይ ሌላ መግዛት፣ ወይ ድምፁን እስከ ጥግ መልቀቅ። እኔ ግን እላለሁ፣ ሦስቱም ቅሬታዎች አብዛኛውን ጊዜ የአንድ ችግር ልጆች ናቸው። ሄድፎኑ በትክክል አልተቀመጠም! ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ጆሯችሁን ከመጉዳታችሁ በፊት፣ አቀማመጡን አስተካክሉ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ማዳመጫ በጥቅሉ ሦስት ዓይነት ነው። አንዱ ጆሮ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባው ነው። ሁለተኛው ጆሮን ሙሉ በሙሉ የሚከብበው ትልቁ ነው። ሦስተኛው በመካከል ያለው፣ ጆሮ ላይ የሚጋደመው ነው። ይሄኛው በዓለም ላይ የተስፋፋው ሶኒ በ1979 (እ.ኤ.አ.) ዎክማንን ሲያወጣ ነው። ካሴት በኪስ ይዞ ለመሄድ ቀላል ማዳመጫ ያስፈልግ ስለነበር ስስ ቅስትና ስፖንጅ ያለው ትንሽ ሄድፎን አብሮ መጣ። ቀላልነቱ ትልቁ ጥቅሙ ነው። ችግሩም የሚመጣው ከዚያው ነው።

ለምን ብትሉ፣ የጆሯችን ቅርጽ ወጣ ገባ ነው። ስፖንጁ በደንብ ካልገጠመ ክፍተት ይቀራል። ቤዝ ማለት ትንሿ ስፒከር አየሩን ቀስ እያለች ስትገፋና ስትስብ የሚፈጠር ድምፅ ነው። የተገፋው አየር በክፍተቱ ካመለጠ ግፊቱ የጆሮ ታምቡር ጋ አይደርስም። ቀጭኑ ድምፅ ግን በቀጥታ ስለሚሄድ ይደርሳል። ስለዚህ ሙዚቃው ቀጭንና የሚቧጥጥ ይሆንባችኋል። እናንተም ቤዙን ፍለጋ ድምፁን ትጨምራላችሁ። ቤዙ አሁንም እያመለጠ፣ ቀጭኑ ድምፅ ብቻ ጆሯችሁን ይደበድበዋል።

ይህንን ለማረጋገጥ በገና ክፈቱ። በገና 10 ጅማት አለው፣ ድምፁ ወፍራም ነው። ጅማቱ ሥር ያለው ቁራጭ ቆዳ ደግሞ ያንን የሚታወቀውን ንዝረት ይሰጠዋል። ሄድፎኑ ካልገጠመ ንዝረቱን ብቻ ትሰማላችሁ፣ ጥልቀቱ ይጠፋል። እያዳመጣችሁ ሁለቱንም ጎን በእጃችሁ ቀስ ብላችሁ ጫን አድርጉ። ጥልቀቱ በድንገት ከመጣ ሄድፎኑ ቤዝ አለው ማለት ነው፤ የጎደለው መግጠሙ ነው። በገና የማታዳምጡ ደግሞ በሙላቱ አስታጥቄ ኢትዮ ጃዝ ወይም በምታውቁት የአሊ ቢራ ዘፈን ሞክሩት። ቤዝ ጊታሩን ተከታተሉ።

እሺ፣ እንዴት እናስተካክለው?

1ኛ፦ ግራና ቀኙን ለዩ። ኤል የሚለው የላቲን ፊደል ግራ፣ አር የሚለው ቀኝ ነው። ብዙ ሄድፎን ጎኖቹ በጆሮ አቅጣጫ ዘንበል እንዲሉ ተደርጎ ስለሚሠራ ገልብጣችሁ ስታደርጉት አይገጥምም።

2ኛ፦ የስፒከሩ መሐል ከጆሮ ቀዳዳ ፊት ለፊት ይሁን። ብዙ ሰው ቅስቱን ሳይስብ እንደተገዛ ያደርገዋል። ስፖንጁ ወደ ላይ ይወጣና የጆሮን ጫፍ ይቆነጥጣል። ሁለቱንም ጎን እኩል ሳቡ፤ «ቀጭ» የሚለውን ቁጠሩ። ቅስቱ አናት ላይ ለስለስ ብሎ ይረፍ፣ ከዚያ በጣት ትንሽ ወደ ፊት ወይ ወደ ኋላ እያላችሁ ድምፁ የሚሞላበትን ቦታ ፈልጉ። ግማሽ ጣት ያህል ልዩነት እንኳን ይሰማል።

3ኛ፦ በመሐል የገባውን አውጡ። ሹሩባ፣ ወፍራም ኮፍያ፣ የመነጽር ዘንግ ሁሉም ክፍተት ይፈጥራሉ። የሳጉሬ ብርድ ኮፍያ የሚያስለብስ መሆኑ ይገባኛል፤ ግን ሄድፎኑ ከውስጥ፣ ኮፍያው ከላይ ይሁን። ሂጃብ ወይም ሻሽ የምታደርጉም ብትችሉ ከሥር አድርጉት፣ ካልሆነም ጆሮ ላይ ያለው ጨርቅ ስስ ይሁን። መነጽር ያላችሁ ዘንጉን ከስፖንጁ በላይ ትንሽ ከፍ አድርጉት። ዘንጉ በስፖንጅና በራስ ቅል መካከል ሲጫን ነው ያ ራስ ምታት የሚመጣው።

4ኛ፦ ከጠበቀ አላልሉት። አዲስ ሄድፎን ይቆነጥጣል። ከጭንቅላታችሁ ትንሽ ሰፋ ያለ የመጽሐፍ ክምር ላይ አልብሱትና ይደር (የ12ኛ ክፍል መጻሕፍት ቢያንስ ለዚህ ይጠቅማሉ፣ ስቀልድ ነው!)። በእጅ በኃይል አትለጥጡት፣ ፕላስቲኩ ይሰበራል። እሳትም አታስጠጉት።

5ኛ፦ በየክፍለ ጊዜው አውርዱት። የጆሮ ቅጠል ሥሩ ለስላሳ፣ ላዩ ስስ ቆዳ ነው። በደንብ የተቀመጠ ሄድፎንም ቢሆን ሲቆይ ይጫነዋል። አርባ ደቂቃ ካዳመጣችሁ አምስት ደቂቃ አውርዱ። ለጥናትም ጥሩ ልማድ ነው።

6ኛ፦ የተላጠ ስፖንጅ ቀይሩ። ቆዳ መሳዩ ሽፋን ሲላጥ ድምፁም አብሮ ይሄዳል። በልኩ የሚገኝ ከሆነ ስፖንጁን ብቻ ግዙ። ላቡንም በትንሹ በረጠበ ጨርቅ እየጠረጋችሁ አቆዩት።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ድምፁ ካልጣመ ዘፈኑን ጠርጥሩ። ከሚሞሪ ወደ ሚሞሪ፣ ከቴሌግራም ወደ ቴሌግራም ሲዞር የከረመና መጠኑ እንዲያንስ የተጨመቀ ፋይልን ውድ ሄድፎን አያድነውም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ያስቀመጠው ልክ በሳምንት 40 ሰዓት በ80 ዴሲቤል ነው። ድምፁ 90 ሲደርስ ያው ልክ በሳምንት ወደ 4 ሰዓት ይወርዳል። 100 ላይ ደግሞ በሳምንት 20 ደቂቃ ብቻ! ለምን እንዲህ በፍጥነት ይወርዳል? ምክንያቱም በየ3 ዴሲቤሉ የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን ነው። ያው ድርጅት ከ12 እስከ 35 ዓመት ካሉ ወጣቶች ከ1 ቢሊዮን በላይ የሚሆኑት በከፍተኛ ድምፅ ማዳመጥ ምክንያት ለአደጋ የተጋለጡ መሆናቸውን ይናገራል። ምክሩም ቀላል ነው፤ ድምፁን ከስልካችሁ አቅም 60 በመቶ በላይ አታድርጉት።

በውስጠኛው ጆሮ ያሉት ፀጉር መሳይ ጥቃቅን ሕዋሳት አንዴ ከሞቱ ተመልሰው አይበቅሉም። መጀመሪያ የሚጎዱት ደግሞ ቀጭን ድምፅ የሚሰሙት ናቸው። ስለዚህ ልጁ ደንቆሮ አይሆንም፤ ሰው ሲያወራ ይሰማዋል። ግን «ስ» እና «ፍ» ይምታቱበታል። «ሠራ» ያልከውን «ፈራ» ብሎ ይሰማል። ክፍል ውስጥ ከኋላ ተቀምጦ የተባለውን በግምት ይሞላል፣ ሲሳሳት ይስቁበታል፣ ከዚያ እጁን ማውጣት ያቆማል። መምህሩ ሰነፍ ነው ይላል፣ ወላጅ አይታዘዝም ይላል። እሱ ራሱም አያውቀውም። እኔን የሚያስፈራኝ ይሄ ነው።

ስለዚህ አንድ ነገር ላስጠንቅቅ። ጆሮ ላይ የሚቀመጥ ሄድፎን የውጭ ድምፅ አይከለክልም። መንገድ ለሚሄድ ሰው ይሄ ጥሩ ነው፣ የመኪና ጥሩምባ ይሰማል። ግን ከሳጉሬ አሰላ በሚጮህ ሚኒባስ ስትሄዱ፣ ወፍጮ ቤት ተራ ስትጠብቁ፣ ኮምባይነር ላይ ስትሠሩ ሞተሩን ለማሸነፍ ድምፁን መጨመራችሁ አይቀርም። ሞተሩን ማሸነፍ አትችሉም፤ ተሸናፊው ጆሯችሁ ነው። እዚያ ቦታ አውርዱት።

«ሄድፎን ጆሮ ያደነቁራል፣ ጣለው!» የምትሉ ወላጆችም አላችሁ። ጭንቀታችሁ ልክ ነው፣ ትእዛዙ ግን አይሠራም። ልጁ ከቤት ሲወጣ መልሶ ያደርገዋል። ይልቅ አንድ ቀን ተቀበሉትና እናንተም አድርጉት፣ በምን ያህል ድምፅ እንደሚያዳምጥ ስሙ። ከዚያ አብራችሁ ልኩን አውጡ።

ሌላው የሻጭና የገዢ ነገር ነው። እኛ ጫማ ሳንሞክር አንገዛም፣ ሄድፎን ግን ከነማሸጊያው ተቀብለን እንሄዳለን። ጭንቅላት እንደ እግር ቁጥር የለውም፣ ለጓደኛህ የገጠመው ላንተ ላይገጥም ይችላል። «ሳልሞክር አልገዛም» ማለት ነውር አይደለም። አምስት ደቂቃ አድርጉት፣ ራሳችሁን ነቅንቁ፣ ጎንበስ በሉ፣ የምታውቁትን ዘፈን አስከፍቱ። ሱቅ ያላችሁ የድሮ ተማሪዎቼም ከየዓይነቱ አንድ አንድ ለመሞከሪያ ክፈቱ። ደንበኛ መልሶ እያመጣ ከሚጨቃጨቃችሁ ይሻላል።

ዛሬ ማታ ያለችውን ሄድፎን አውጡና ከላይ ያሉትን ሞክሩ። መጀመሪያ አቀማመጡን አስተካክሉ፣ ከዚያ ድምፁን ሁለት ደረጃ ቀንሱና አንድ ዘፈን እስከ መጨረሻው ስሙ። ምን እንደተለወጠ ጻፉልኝ፣ ሁሉንም አነባለሁ። ለታናናሾቻችሁም አሳዩአቸው።

ሰላም እደሩ!