ደንቡ የት ይቀመጥ? ነባሩ አውቶሜሽንና ሶፍትዌር ሮቦት በላሊበላ የንግድ ሥራ

የላሊበላ ሆቴል እንግዳውን የሚያገኘው በአንድ በር አይደለም። አንዱ በአዲስ አበባ አስጎብኚ ድርጅት አማካይነት በኢሜይል ክፍል ይይዛል፤ ሌላው ከዓለም አቀፍ የክፍል ማስያዣ ድረ ገጽ ይመጣል፤ ሦስተኛው በስልክ ይደውላል፤ አራተኛው ከአውሮፕላን ወርዶ በቀጥታ ይገባል። የእንግዳ ተቀባዩ ሥራ እነዚህን ሁሉ ወደ አንድ መዝገብ መገልበጥ፣ ከመዝገቡም ወደ ደረሰኝና ወደ ወር መጨረሻ ሪፖርት እንደገና መገልበጥ ነው። እንዲህ ያለውን ድግግሞሽ ለማስቀረት የንግዱ ዓለም ሁለት መንገዶች ያቀርባል፤ ነባሩን አውቶሜሽንና ሶፍትዌር ሮቦትን። የትኛው ይሻላል የሚለው ጥያቄ አብዛኛውን ጊዜ የሚመለሰው በዋጋ ነው። ይሁን እንጂ ከዋጋው በፊት መመለስ ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ፦ ሥራው የሚመራበት ደንብ የት ይቀመጥ?

ሁለቱ መንገዶች

ነባሩ አውቶሜሽን ደንቡን በሲስተሙ ውስጥ ይጽፋል። እ.ኤ.አ. በ1951 የእንግሊዙ የሻይ ቤትና የዳቦ ኩባንያ ላየንስ፣ ሊዮ ብሎ በሰየመው ኮምፒውተር የመጋገሪያዎቹን ሂሳብ ማስላት ከጀመረ ወዲህ የንግድ ድርጅቶች በስፋት የተከተሉት ይህንን መንገድ ነው። የደመወዝ፣ የንብረትና የሂሳብ ፕሮግራሞች፣ የባንኮች ኮር ባንኪንግም የዚሁ ዘር ናቸው። ባለሙያው የመረጃ ቋቱን ያደራጃል፤ አንዱን ሲስተም ከሌላው ጋር በውስጥ ያገናኛል፤ ደንቡ አንድ ጊዜ ተጽፎ ለሁሉም ተጠቃሚ ይሠራል። ይህ ጊዜና ገንዘብ ይጠይቃል፤ ከሁሉም በላይ የሲስተሙን ባለቤት ፈቃድ ይጠይቃል።

ሮቦታዊ የሥራ ሂደት አውቶሜሽን፣ በምህጻረ ቃል አርፒኤ፣ ውስጡን አይነካም። ሮቦት ቢባልም አካል የለውም፤ እንደ አንድ ጸሐፊ በይለፍ ቃል ገብቶ ስክሪኑን የሚያነብ፣ ቁጥሩን ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው የሚገለብጥና ቁልፉን የሚጫን ሶፍትዌር ነው። እ.ኤ.አ. በ2001 በብሪታንያ የተመሠረተው ብሉ ፕሪዝም ከዘርፉ ቀዳሚዎች አንዱ ነው። ተመራማሪዎቹ ሌስሊ ዊልኮክስና ሜሪ ላሲቲ ያጠኑት የስልክ ኩባንያ ቴሌፎኒካ ኦቱ ከ160 በላይ ሶፍትዌር ሮቦቶች አሰማርቶ በወር ከ400,000 እስከ 500,000 የሚደርሱ ጉዳዮችን ያስፈጽም ነበር። ነባሩን ሲስተም ሳያፈርሱ በአጭር ጊዜ ውጤት ማግኘት የአርፒኤ ትልቁ መስህብ ነው።

መስህቡ በላሊበላ ይበልጥ ይጎላል። የከተማዋ ነጋዴ የሚገለገልባቸው ሲስተሞች አብዛኞቹ የእርሱ አይደሉም። የባንክ ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ ከአዲስ አበባ የሚመራውን ኮር ባንኪንግ መለወጥ አይችልም፤ ባለሆቴሉም በውጭ ድረ ገጽ ውስጥ ገብቶ ኮድ አይጽፍም። ሊያሻሽሉት የማይችሉትን ሲስተም በውጭ በኩል የሚያንቀሳቅስ እጅ ማግኘት ለእንዲህ ያለው ድርጅት ቀላል ጥቅም አይደለም። የአርፒኤ ደጋፊዎች እዚህ ላይ እውነት አላቸው። ስህተቱ የሚጀምረው እጁ ራስ እንዲሆን ሲጠየቅ ነው።

የገና ቀን

የላሊበላ ትልቁ የእንግዳ ወቅት ገና ነው። የጌታ ልደት ከንጉሥ ላሊበላ ልደት ጋር ተደርቦ ስለሚከበር ምእመናን ከየአገሩ ወደ ከተማዋ ይጎርፋሉ። በዓሉ ለሦስት ዓመታት ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ግን ታኅሣሥ 28 ይውላል፤ በቀደመው ዓመት ጳጉሜን 6 ቀን ስለምትሆን አዲሱ ዓመት በአንድ ቀን ይገፋልና። በፈረንጆቹ አቆጣጠር ሁለቱም ጃንዋሪ 7 ናቸው።

ከድረ ገጹ የፈረንጆቹን ቀን አንብቦ በሆቴሉ መዝገብ ላይ በኢትዮጵያ አቆጣጠር እንዲጽፍ የታዘዘ ሮቦት፣ የሁለቱ አቆጣጠሮች ልዩነት ቋሚ ነው ተብሎ ከተሠራ ሦስት ዓመት ያለ እንከን ያገለግላል። በአራተኛው ግን ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21፣ ማለትም መስቀልን፣ ገናንና ጥምቀትን በያዘው ዋናው የጎብኚ ወቅት፣ እያንዳንዱን ቀን በአንድ ያሳስታል። በ2016 ዓ.ም. እንዲህ ያለ ሮቦት በሥራ ላይ ቢሆን ኖሮ ለጃንዋሪ 7 የተያዘውን ክፍል በታኅሣሥ 29 ይመዘግበው ነበር፤ እንግዳው ግን በ28 ሻንጣውን ይዞ ይደርሳል። የሚቀጥለው ዘመነ ዮሐንስ 2020 ዓ.ም. ነው።

በዓሉን የሚያውቅ እንግዳ ተቀባይ ይህን አይስትም። ደንቡን ለኮምፒውተር መጻፍም ከባድ አይደለም። ልዩነቱ በሚጻፍበት ቦታ ላይ ነው። በሆቴሉ የመረጃ ቋት ውስጥ አንድ ጊዜ ከተጻፈ የክፍል ድልድሉም፣ ደረሰኙም፣ ሪፖርቱም ከአንድ ምንጭ ይቀዳሉ። በሮቦቶቹ ውስጥ ከተጻፈ ግን ሦስት ሮቦቶች ሦስት ቅጂ ይይዛሉ፤ አንዱ ሲታረም ሁለቱ ሊረሱ ይችላሉ።

የሰው ስም

በሆቴል የአንድ ሌሊት አልጋ የሚያሳጣው ችግር በወረዳ ደረጃ የቤተሰብ ቀለብ ይነካል። በ1997 ዓ.ም. የተጀመረው የምርታማ ሴፍቲኔት ፕሮግራም በሰሜን ወሎ ደጋማ ቀበሌዎች ለሚገኙ ችግረኛ ቤተሰቦች ለሕዝብ ሥራ ጉልበታቸው ይከፍላል። የተጠቃሚው ስም ከመቆጣጠሪያ ወረቀት ወደ መክፈያ ዝርዝር፣ ከዚያም ወደ ከፋዩ የገንዘብ ተቋም ይሻገራል። በመንገዱ ላይ «ኃይለ ማርያም» የነበረው «ሀይለማርያም»፣ «ፀሐይ» የነበረችው «ጸሀይ» ሊሆኑ ይችላሉ። ለአንባቢ እነዚህ አንድ ስም ናቸው፤ ፊደልን ከፊደል ለሚያነጻጽር ሮቦት ግን ሁለት የተለያዩ ሰዎች ናቸው። ሮቦቱ አይጠይቅም፤ ያልተመሳሰለውን ወደ ጎን አድርጎ ይቀጥላል።

ሀ፣ ሐ እና ኀን፣ ሰ እና ሠን፣ ጸ እና ፀን አንድ አድርጎ የሚያነጻጽር ደንብ መጻፍ ይቻላል። ይህም ደንብ ቦታው መሠረቱ ነው፤ ስሙ መጀመሪያ በሚመዘገብበት የመረጃ ቋት ውስጥ። ሮቦት የተዘበራረቀ መዝገብ ሲሰጠው የሚያመጣው ለውጥ መዘበራረቁን ማፋጠን ብቻ ነው።

ሲስተም በሌለበት ቀን

ላሊበላ ከ2013 ዓ.ም. ጦርነት በኋላ ከአንድ ዓመት በላይ ያለ መብራት ቆይታለች። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮም በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦ ነበር። መብራት ሲጠፋ ሁለቱም ዓይነት አውቶሜሽን ይቆማሉ፤ አቋቋማቸው ግን አንድ አይደለም። በአግባቡ የተሠራ ሲስተም ያልተጠናቀቀውን ሥራ ይሰርዛል፤ ወይም በቦታው መዝግቦ ይይዝና ግንኙነት ሲመለስ ያስተላልፋል። በስክሪን ላይ የሚሠራ ሮቦት ግን ግማሹን ገልብጦ ግማሹን ሳይገለብጥ ሊቀር ይችላል፤ የት እንደቆመም ሰው ፈልጎ ማግኘት አለበት። ድረ ገጹ የአንድ ቁልፍ ቦታ በለወጠ ቁጥርም ሮቦቱ ሊሰናከል ይችላል። ጠጋኙ ባለሙያ በላሊበላ ካልተገኘ የተቀነሰው ወጪ በሌላ በኩል ይመለሳል።

ነባሩ አውቶሜሽንም ነቀፋ አያጣውም። በመጋቢት 2016 ዓ.ም. ከሲስተም ማሻሻያ ጋር በተያያዘ ችግር የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ያልነበረ ገንዘብ ለሰዓታት ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አድረዋል፤ ባንኩም ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደተወሰደበት አስታውቋል። ደንብ በአንድ ቦታ ሲቀመጥ ስህተቱም በአንድ ሌሊት አገር ያዳርሳል። ሆኖም ያው አንድነት ስህተቱ ቶሎ እንዲታይ፣ አገልግሎቱ እንዲቆም፣ የእያንዳንዱ ዝውውር ዱካ ተለቅሞ አብዛኛው ገንዘብ እንዲመለስ አስችሏል። በየኮምፒውተሩ ተበታትኖ የሚሳሳት ሮቦት እንዲህ ያለ ጩኸት አያሰማም፤ ስህተቱ የሚታወቀው ባለጉዳዩ ደጅ ሲጠና ነው።

ምን ይደረግ?

ከላይ የተነሣው ሁሉ ወደ አንድ ቅደም ተከተል ይመራል። መጀመሪያ የተበታተነውን መዝገብ አንድ ማድረግ፤ ቀጥሎ የቀን አቆጣጠርን፣ የስምንና የዋጋን ደንብ በዚያ መዝገብ ውስጥ ማኖር፤ በመጨረሻ ባለቤቱ ሊለውጠው ከማይችለው ሲስተም ለመገልበጥ ብቻ ሮቦት መቅጠር። ለትንሽ ሆቴል የመጀመሪያው እርምጃ ውድ ሶፍትዌር ላይሆን ይችላል፤ አንድ በሥርዓት የተያዘ የኤክሴል መዝገብም መነሻ ይሆናል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የተሞከረው ቢፒአርም መነሻ ሐሳቡ ይኸው ነበር፦ ከመሣሪያው በፊት ሥራው ራሱ ይመርመር።

የሚቀጠር ሮቦት ካለም ኃላፊው በስም ይታወቅ፤ የሠራውን በየቀኑ የሚያመሳክር ሰው ይኑር፤ የሚያበቃበት ቀንም አስቀድሞ ይወሰን። ጊዜያዊ ነገር ሲሰነብት ምን እንደሚሆን ላሊበላ ታውቃለች። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ድጋፍ በአብያተ ክርስቲያናቱ ላይ የተተከሉት መጠለያዎች ጊዜያዊ ተብለው ነበር። ዝናቡን ከለከሉ፤ ድንጋዩን ግን አልጠገኑም። ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ2011 ዓ.ም.፣ ነዋሪዎች መጠለያው ራሱ ለቅርሱ ሥጋት ሆኗል ብለው አደባባይ ወጡ።

በዚህ ቅደም ተከተል እንግዳ ተቀባዩ ከሥራው አይፈናቀልም። በጎብኚ ገቢ በምትኖር ከተማ የአንድ ወጣት ደመወዝ የቤተሰብ ሁሉ መተዳደሪያ ሊሆን ይችላልና ይህ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ሲገለብጥ የሚውለው እጁ ያርፋል፤ የገናን ቀን፣ የሰውን ስምና የእንግዳውን ጠባይ የሚያውቀው ራሱ ግን ደንብ ጸሐፊና ተቆጣጣሪ ይሆናል። ወልድያ ዩኒቨርሲቲን የመሳሰሉ የአካባቢው ተቋማት ተመራቂዎቻቸውን ለመመረቂያ ሥራ ወደ እነዚህ ሆቴሎችና ጽሕፈት ቤቶች ቢልኩ፣ መጀመሪያ ሊጠይቁት የሚገባው ሰው ይኸው ሠራተኛ ነው።