ከጫማው ባሻገር

የአጥቢያችሁ ኅብረት ወደ ገጠር ለአገልግሎት ሲወጣ መኪናው ላይ ከሚጫኑት ስጦታዎች አንዱ ጫማ ነው። መልካም ነው፤ ቀይ አፈር ባለበት ደጋማ አገር ጫማ የልጆችን እግር ከዝሆኔ ይጠብቃል። እግሯ አስቀድሞ ላበጠ እናት ግን የሱቅ ጫማ አይገባትም፤ ቢገባትም ብቻውን አይበቃትም።

በደጋው አገራችን የሚታየው ይህ ዝሆኔ እርግማን አይደለም፤ ከሰው ወደ ሰውም አይተላለፍም። ለዓመታት በባዶ እግር ሲኬድ የቀይ አፈሩ ደቃቅ ቅንጣት በቆዳ እየገባ እግርን ያሳብጣል። በ2017 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት በኢትዮጵያ 1.5 ሚሊዮን ያህል አዋቂዎች በዚህ ሕመም እንደሚኖሩ ገምቷል።

እንክብካቤው ውድ አይደለም። እግርን በየዕለቱ በሳሙና ማጠብ፣ ጀርም በሚገድል ውህድ መዘፍዘፍ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ ማሰር፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ ነው። በምሥራቅ ጎጃም 696 ሕሙማን የተሳተፉበትና በ2018 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት ይህ እንክብካቤ ሕሙማኑን አልጋ ላይ የሚጥለውን የሚመላለስ የእግር ሕመም እንደሚቀንስ አሳይቷል። ነገር ግን «በየዕለቱ» የሚለውን ቃል ልብ በሉ! የአንድ ቀን እንግዳ ይህን ሊያደርገው አይችልም።

ታዲያ ማን ያድርገው? በወላይታ ሚሲዮናዊው ሐኪም ናታን ባርሎ የጀመሩት ሥራ መልስ አለው። ታክመው የተሻላቸው ሰዎች ራሳቸው ሠልጥነው ጎረቤቶቻቸውን ያስተምራሉ፤ ላበጠ እግር የሚሆን ጫማ መስፋት የተማሩም አሉ። እነርሱ መንደሩን ለቅቀው አይሄዱም። በሕመሙ ያለፈች ሴት «እጠቢው፣ ይቀንሳል» ስትል ደግሞ ትታመናለች።

ስለዚህ ከመጫናችሁ በፊት ጠይቁ። የቀበሌዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሕሙማኑን ታውቃቸዋለች? ውሃው ስንት ሰዓት ያስኬዳል፣ ማንስ ይቀዳል? ሳሙናውና ቅባቱ ሲያልቅ ማን ይተካል? የልጆቹ እግር ሲያድግስ ጫማ ከየት ይመጣል?

አንድ ጥያቄ ደግሞ ለራሳችን ይቅረብ። እነዚህ ወገኖች ከሕመሙ ይልቅ መገለሉ ይጎዳቸዋል፤ ከትዳር፣ ከትምህርት ቤት፣ ከአምልኮ ስፍራም ሳይቀር ይርቃሉ። እንዲህ ያለች እህት ብትመጣ አጠገባችን ታስቀምጣታለን? ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሌላ ሰው ልኮ አላሳጠበም፤ ራሱ ዝቅ ብሎ አጠበ እንጂ።