ገዝቶ መቆለፍ ይበጃልን?

ተማሪዎች፣ አንድ ሰው ብዙ ገንዘብ ከፍሎ አዲስ መኪና ገዛ እንበል። መኪናውን ወደ ቤቱ አምጥቶ ጋራዥ ውስጥ ያስገባውና በሸራ ይሸፍነዋል። የመቀመጫውን ላስቲክ እንኳ አያነሣም። ከዚያም በሩን ቆልፎ ሠላሳ ዓመት ይጠብቃል። «መኪና የተሠራው ለመሄድ አይደለምን?» ብላችሁ ብትጠይቁት፣ «ይህ እንደ ሌላው መኪና አይደለም፤ የተሠራው በጥቂት ቁጥር ስለሆነ ዋጋው ከዓመት ወደ ዓመት ይጨምራል» ብሎ ይመልስላችኋል። በአሜሪካ አገር እንዲህ የሚያደርጉ ሰዎች ጥቂት አይደሉም። ታዲያ አሳባቸው ትክክል ነውን? ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው አስተያየት ለዚህ ጥያቄ የምሰጠው መልስ ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አስቀድመን ስለ ምን ዓይነት መኪና እንደምንነጋገር እንወቅ። ፖንቲያክ የተባለው ኩባንያ ለትልልቅ መኪናዎች የሚሆነውን ባለ ስምንት ሲሊንደር ሞተር መካከለኛ አካል ባለው መኪና ላይ ገጥሞ የ1964 ሞዴል አድርጎ አወጣ። ስሙንም ጂ.ቲ.ኦ. አለው። በዚያው ዓመት ፎርድ ሙስታንግን ለገበያ አቀረበ። ሌሎችም ኩባንያዎች ተከተሏቸው። አሜሪካኖች እነዚህን መኪናዎች «ማስል ካር» ይሏቸዋል፤ ባለ ጡንቻ መኪና ማለት ነው። ጉልበታቸው ብዙ፣ ዋጋቸው ግን ለወጣት ሠራተኛ የማይከብድ ነበር። ሆኖም በ1970ዎቹ መጀመሪያ የአየር ብክለትን ለመከላከል የወጣው ሕግ፣ የኢንሹራንስ ክፍያ መወደድና በ1973 የደረሰው የነዳጅ እጥረት ዘመናቸውን አሳጠረው። ከእነዚህ መኪናዎች መካከል ኩባንያዎቹ በተወሰነ ቁጥር ብቻ እየሠሩ የሚያወጧቸው አሉ። እኛ እዚህ ላይ «ልዩ ሥሪት» እያልን እንጠራቸዋለን።

ቆልፎ ማስቀመጥን የሚደግፉ ሰዎች ማስረጃ የላቸውም ማለት አይቻልም። በ1969 ሼቭሮሌት ኩባንያ ካማሮ ከተባለው መኪናው ሞተራቸው በሙሉ ከአሉሚኒየም የተሠራ 69 ልዩ ሥሪቶችን አወጣ። ዜድ ኤል 1 የሚባሉት እነዚህ መኪናዎች ዋጋቸው ከ7,000 ዶላር በላይ ሆኖ ከተራው ካማሮ ዋጋ እጥፍ ይበልጥ ስለ ነበር፣ ገዢ አጥተው ወደ ኩባንያው የተመለሱም ነበሩባቸው። ዛሬ ግን አንዱ ብዙ መቶ ሺህ ዶላር ያወጣል። በ1987 ደግሞ ቡዊክ ኩባንያ ጂ.ኤን.ኤክስ. የተባለውን ልዩ ሥሪት በ547 ቁጥር ብቻ ሠርቶ እያንዳንዱን በ29,000 ዶላር ገደማ ሸጠ። ከእነዚህም ሳይነዱ ከተቀመጡት ውስጥ ከ100 ሺህ ዶላር በላይ የተሸጡ አሉ። እንግዲህ ደጋፊዎቹ «ይህን አይታችሁ እንዴት አትገዙም?» ቢሉ አይፈረድባቸውም።

ይሁን እንጂ የተሳካላቸውን ብቻ ቆጥሮ ያልተሳካላቸውን መርሳት የተሟላ ማስረጃ አይሆንም። የ1978ቱን ኮርቬት እንመልከት። ኮርቬት በመሠረቱ የስፖርት መኪና ቢሆንም ታሪኩ ለባለ ጡንቻዎቹም ትምህርት ይሰጣል። በዚያ ዓመት ኮርቬት የኢንዲያናፖሊስ 500 ማይል እሽቅድምድምን እንዲመራ በመመረጡ ጥቁርና ብርማ ቀለም የተቀባ ልዩ ሥሪት ወጣ። መጀመሪያ የታሰበው ጥቂት ብቻ ለመሥራት ነበር። ፈላጊው ሲበዛ ግን ቁጥሩ ለእያንዳንዱ ሻጭ እንዲዳረስ ተደርጎ በመጨረሻ 6,502 ደረሰ። ብዙ ሰዎች ከተቆረጠው 13,650 ዶላር ገደማ በላይ እየከፈሉ ገዙና ሳይነዱ ቆለፉባቸው። ውጤቱስ ምን ሆነ? ከዚያ ወዲህ በአሜሪካ የኑሮ ውድነት ወደ አምስት እጥፍ ገደማ ጨምሯል። ስለዚህ መኪናው የገዢውን ገንዘብ ሳይጎድል ለመመለስ ብቻ ዛሬ ወደ 65,000 ዶላር ማውጣት ነበረበት። አብዛኞቹ ግን ሲሸጡ የዚህን ግማሽ እንኳ አያወጡም። ሁሉም ሰው የቆለፈበት ዕቃ ብርቅ ሊሆን አይችልም።

የተሳካለት የተባለውንም ሰው ሒሳብ ብንመረምር ትርፉ የሚመስለውን ያህል አይደለም። በ1987 የተከፈለው 29,000 ዶላር በዛሬው የገንዘብ አቅም ወደ 80,000 ዶላር ይጠጋል። እንግዲህ መኪናው በ100 ሺህ ዶላር ቢሸጥ እውነተኛው ብልጫ 20,000 ዶላር ብቻ ነው። ከዚህም ላይ የብዙ ዓመታት የጋራዥ ኪራይ፣ ኢንሹራንስና የጥገና ወጪ ይቀነሳል። የቀረውን ለሠላሳ አምስት ዓመታት ብታካፍሉት ባለቤቱ ያገኘው የጠባቂነት ደመወዝ ነው፤ ያውም ትንሽ ደመወዝ።

ሌላም ነገር አለ። «ይህ የተወሰነ ነው» ብሎ ቁጥሩን የሚወስነው ኩባንያው እንጂ ገዢው አይደለም። ዶጅ ኩባንያ ቻሌንጀር ከተባለው መኪናው በ2018 ዲመን የተሰኘውን 840 የፈረስ ጉልበት ያለው ልዩ ሥሪት በ3,300 ቁጥር አወጣ። ገዢዎቹም ከዚህ በላይ የለም ብለው ገዙ። ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ2023፣ ያው ኩባንያ ጉልበቱ 1,025 የሆነ ሌላ ዲመን ይዞ መጣ። በዚያው ዓመት መጨረሻ የቻሌንጀር ሥራ ቢያቆምም፣ «ወደር የለውም» ተብሎ የተሸጠው መኪና ወደር ለማግኘት የፈጀበት አምስት ዓመት ብቻ ነው።

ከገንዘቡም ይልቅ የሚያሳስበው የመኪናው ጤና ነው። አበው «ካልተገላበጠ ያራል» ይላሉ። የቆመ መኪናም እንዲሁ ነው። ቤንዚን ብዙ ወራት ሲቆይ ይበላሽና ሙጫ መሰል ዝቃጭ ትቶ የካርቡረተሩን ቀጫጭን ቀዳዳዎች ይደፍናል። የፍሬን ዘይት ከአየር ውስጥ ርጥበት እየሳበ የፍሬኑን ብረት ከውስጥ ያዝገዋል። ጎማዎቹ ክብደቱን በአንድ ጎናቸው ተሸክመው ስለሚቆሙ ክብነታቸው ይጎድላል፤ ሳይሄዱም ያረጁና ይሰነጣጠቃሉ። ዘይት እንዳይፈስ የሚያግዱት ጎሚኒዎች ይደርቃሉ። ባትሪው ይሞታል። አይጥ ከገባበት ደግሞ ሽቦው ሁሉ ይበላል። ስለዚህ አልተነካም ተብሎ የሚወደሰው መኪና ብዙ ጊዜ ሊሄድ የማይችል መኪና ነው።

እስካሁን የተናገርሁት ስለ መቆለፍ ነው። መኪናውን ሳይለውጡ፣ ፋብሪካው እንዳወጣው ጠብቆ ስለ መያዝ ከተጠየቅሁ ግን ከጠባቂዎቹ ወገን እቆማለሁ። አለመንዳትና አለመለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ ወጣቶች ፍጥነት ለመጨመር ሲሉ ሞተር ይቀይሩ፣ የጎማውን ማቀፊያ ቆርቆሮ ይቆርጡ፣ ቀለሙንም ይለውጡ ነበር። በዚህ ምክንያት የሞተሩ ቁጥር ከሻንሲው ቁጥር ጋር የሚስማማ፣ የመጀመሪያ ቀለሙን ያልለቀቀ መኪና ዛሬ በብርቱ ይፈለጋል። እንዲህ ያለው መኪና የዘመኑን የእጅ ሥራ በግልጽ ያሳያል፤ ቀለሙ የት ላይ እንደሳሳ፣ ብየዳው የት ላይ እንደተጣደፈ ከእርሱ እንማራለን። አንድ ጊዜ ተፍቆ እንደገና ከተቀባ ያ ሁሉ ይጠፋል፤ የተፋቀውንም ገንዘብ አይመልሰውም።

ስለዚህ ሊመለስ የሚችለውንና የማይችለውን መለየት ያስፈልጋል። ጎማ፣ ቸርኬ ወይም የጭስ ማውጫ ቢቀየር የቀድሞው ዕቃ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጦ በማናቸውም ጊዜ ሊመለስ ይችላል። የተቆረጠ አካልና የተጣለ ሞተር ግን አይመለሱም። ፍሬንን በሚመለከት ደግሞ ለየት ያለ አስተያየት አለኝ። የዚያ ዘመን ፍሬን ለሞተሩ ጉልበት የማይመጥንባቸው መኪናዎች ስለ ነበሩ፣ መንገድ ላይ ለሚወጣ ሰው ፍሬኑን ማሻሻል ጥፋት አይደለም። የሰው ሕይወት ከመኪና ታሪክ ይበልጣል።

መንዳትና መጠበቅ አብረው ሊሄዱ እንደሚችሉ የሚያሳይ አንድ ታሪክ ልጨምር። ስቲቭ ማክዊን «ቡሊት» በተባለው የ1968 ፊልም ላይ የነዳውን ሙስታንግ በ1974 የኒው ጀርሲ ነዋሪ የሆነ አንድ ቤተሰብ በመጽሔት ማስታወቂያ አይቶ በ6,000 ዶላር ገዛው። የቤቱ እመቤት መምህርት ስለ ነበሩ በዚያ መኪና ወደ ትምህርት ቤት ይመላለሱበት ነበር። ወደ 1980 ገደማ ፍሪሲዮኑ ተበላሽቶ እስኪቆም ድረስ እንደ ማናቸውም የቤተሰብ መኪና አገልግሏል። ከዚያ በኋላም ቤተሰቡ አልሸጠውም፤ አላስቀባውም፤ ዝገቱንና ጭረቱን እንደያዘ አቆየው። በጥር ወር 2020 በፍሎሪዳ ለጨረታ ቀርቦ የአጫራቹ ክፍያ ታክሎበት በ3 ሚሊዮን 740 ሺህ ዶላር ተሸጠ። ይህን ዋጋ የሰጠው በመጀመሪያ የፊልሙ ዝና እንደሆነ አይካድም። ሆኖም መምህርቷ ስለነዱት ክብሩ አልቀነሰም። ፎርድ ከ2001 ጀምሮ በዚህ ፊልም ስም ልዩ ሥሪቶችን እየሠራ ሸጧል፤ ስሙን ያስገኘው ግን መንገድ ላይ የዋለው መኪና ነው።

እንግዲህ የእኔ አስተያየት ይህ ነው። ልዩ ሥሪቱ የሚለየው በሞተሩ፣ በፍሬኑና በአካሉ ከሆነ ይገዛ፤ በቀለሙና በተለጠፈበት ምልክት ብቻ ከሆነ ግን ተጨማሪ ገንዘብ አያሻውም። የተገዛውም ይነዳ፤ በሚገባ ይጠበቅ፤ የማይመለሰው አካሉ አይነካ። ትርፍ ፈላጊ ግን ትርፉን ሌላ ቦታ ይፈልግ። ነገሩ የሩቅ አገር ቢመስላችሁም ከእኛ ቤት የራቀ አይደለም። ለክብር ቀን ተብሎ በሣጥን የተቆለፈ ጥበብ ቀኑ ሲደርስ ብል በልቶት የተገኘበት ቤት ስንት ነው! ያን ቀሚስ ለብሳው የኖረች ሴት ቢያረጅባትም አልከሰረችም።

መልመጃ

1. ጸሐፊው ተቃራኒውን አሳብ ያቀረበው በየትኛው አንቀጽ ነው? ከራሱ አሳብ በፊት ማቅረቡ ምን ይጠቅመዋል?
2. «አለመንዳትና አለመለወጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በራሳችሁ ምሳሌ አብራሩ።
3. «የተቆለፈ ዕቃ ይከብራል» በሚል ርእስ የጸሐፊውን አስተያየት የሚቃወም ባለ ሦስት አንቀጽ ድርሰት ጻፉ።