አራት ዓመት የሚፈጅ ጨዋታ



ልጆቻቸው በኮምፒዩተር ጨዋታ ተጠምደው ጊዜያቸውን እንደሚያባክኑ የሚያማርሩ ወላጆች ብዙ ናቸው። ጨዋታው ልጁን ያጣድፈዋል፤ ከሰው ይለየዋል፤ የጀመረውንም ሳይጨርስ ወደ ሌላው መዝለልን ያስለምደዋል ይላሉ። ወቀሳው በአብዛኛው እውነት ነው። ዳሩ ግን በዚያው በኮምፒዩተር ዓለም ውስጥ ጠባዩ ከዚህ ሁሉ ጋራ ፈጽሞ የሚቃረን አንድ የተጫዋቾች ማኅበር ስላለ፣ ዛሬ ስለ እርሱ ልጽፍላችሁ ወደድሁ። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሜ አስታውቃለሁ።

ጨዋታው «ዋር ኢን ዘ ፓሲፊክ» ይባላል። በእኛ ቋንቋ «ጦርነት በሰላማዊ ውቅያኖስ» እንደ ማለት ነው፤ ሰላማዊ ተብሎ የተሰየመው ባሕር ያን ያህል ደም መጠጣቱ የሚያስገርም ነው። የጨዋታው ደራሲ አሜሪካዊው ጋሪ ግሪግስቢ ከ1980ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ በዚህ ሙያ የታወቁ ሰው ሲሆኑ፣ ከባልንጀሮቻቸው ጋራ ሆነው ይህን ሥራ በ2004 አወጡ። በ2009 ደግሞ «የአድሚራሎች እትም» የተባለው፣ ዛሬ ሁሉም የሚጫወተው፣ ተስፋፍቶና ታርሞ ወጣ። ይህን ሁለተኛውን እትም ካዘጋጁት መካከል ብዙዎቹ ቀድሞ የፊተኛው ጨዋታ ተጫዋቾች የነበሩ ሰዎች ናቸው።

የጦርነት ጨዋታ ራሱ አዲስ ነገር አይደለም። በፕሩሲያ ፎን ራይስቪትስ የተባለ መኰንን በ1824 ደንቡን በመጽሐፍ አሳትሞ፣ የጦር አለቆች በካርታ ላይ እየተጫወቱ ይማሩበት ነበር። የዛሬው ተጫዋች ግን አለቃ የለውም፤ ደመወዝም የለውም።

አሁን ወደ አጨዋወቱ ልግባ። አንዱ ሰው ጃፓንን ይይዛል፤ ሌላው አሜሪካን፣ እንግሊዝን፣ አውስትራልያን፣ ሆላንድን፣ ቻይናንና የቀሩትን ተባባሪዎች ይይዛል። ካርታው ባለ ስድስት ማዕዘን በሆኑ ትንንሽ ክፍሎች የተከፋፈለ ሲሆን፣ የእያንዳንዱ ክፍል ስፋት 40 የባሕር ማይል ነው። ከሕንድ አገር እስከ አሜሪካ ምዕራባዊ ጠረፍ ይዘረጋል፤ በጠርዙም ለእኛ ጎረቤት የሆኑት ዓደንና ሞምባሳ ሳይቀሩ የመርከብ ማረፊያ ሆነው ተመልክተዋል። ይህም ከእውነተኛው ታሪክ ጋራ ይስማማል፤ ጃፓኖች በኤፕሪል 1942 ሴሎንን በአውሮፕላን በደበደቡ ጊዜ የእንግሊዝ የምሥራቅ ባሕር ኃይል ወደ ሞምባሳ አፈግፍጎ ነበርና።

አንዱ ተራ የጦርነቱ አንድ ቀን ነው። ጃፓን በፐርል ሐርበር ላይ አደጋ ከጣለችበት ከዲሴምበር 7 ቀን 1941 እስከ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1945፣ ይኸውም የመማረኪያው ሰነድ እስከ ተፈረመበት ዕለት ድረስ፣ 1365 ቀን ነው። ሁለት ሰዎች አንዲት ቀን እንኳ ሳያጓድሉ በየዕለቱ አንድ ተራ ቢጫወቱ ሦስት ዓመት ከዘጠኝ ወር ያህል ይፈጅባቸዋል ማለት ነው፤ ጦርነቱ ራሱ የፈጀውን ያህል። የማይታመም፣ መንገድ የማይሄድ፣ ልጅ የማይወልድ ሰው ግን የለምና፣ ብዙውን ጊዜ ከዚህም ይረዝማል።

ይህ ሁሉ ጊዜ በውጊያ የሚያልፍ የሚመስለው ሰው ቢኖር ተሳስቷል። የጃፓኑ ተጫዋች የፓሌምባንግንና የባሊክፓፓንን ነዳጅ በመርከብ ጭኖ ወደ አገሩ ማድረስ አለበት፤ አለዚያ ፋብሪካው ይቆማል፤ መርከቡም ከወደብ አይወጣም። የአሜሪካው ተጫዋች ደግሞ ከሳን ፍራንሲስኮ ተነሥቶ አውስትራልያ ለሚደርስ ስንቅ የሳምንታት ጉዞ አስቀድሞ ማሰብ ይገባዋል። መርከቡ አንድ በአንድ፣ አውሮፕላን ነጂው በየስሙ ተመዝግቧል። የጦር አዝማች ልሆን ነው ብሎ የተቀመጠ ሰው አብዛኛውን ምሽት የግምጃ ቤት ሹም ሆኖ ያመሻል። የሚደርሰውም ወሬ ሁሉ እውነት አይደለም፤ ሰጠመ ተብሎ የተነገረለት መርከብ ከወራት በኋላ በሌላ ባሕር ላይ ብቅ ይላል።

ተራው የሚለዋወጠው በኢሜይል ነው። የጃፓኑ ተጫዋች ትእዛዙን ጽፎ በምሥጢር ቃል ቆልፎ ይልካል፤ ሁለተኛውም የራሱን ትእዛዝ ጨምሮ በራሱ ምሥጢር ቃል ቆልፎ ይመልሳል፤ ከዚያ በኋላ ኮምፒዩተሩ የሁለቱንም ትእዛዝ በአንድነት ይፈጽመዋል። እዚህ ላይ ለእኛ የማይረሳ ነገር አለ። በቀድሞ ዘመን በመኳንንቱ ቤት ይጫወቱት የነበረው ሰንጠረዥ ሲጀመር ተራ አልነበረውም፤ ሁለቱም ባላጋራዎች በአንድ ጊዜ በፈቀዱት ፍጥነት ጠጠራቸውን ያሰልፉ ነበር፤ ተራ መጠበቅ የሚጀመረው አንደኛው የሌላውን የመጀመሪያ ጠጠር ሲበላ ነው። ይህንንም ወረራ ይሉታል። በዙሪያው የተቀመጡት ተመልካቾችም ዝም አይሉም፤ ይህን አንሣ፣ ያን ተው እያሉ ይማከሩ ነበር።

እነዚህ የዘመናችን ተጫዋቾችም ተመልካች አላቸው። ብዙዎቹ የጦርነታቸውን ዜና መዋዕል እየጻፉ ለማኅበርተኞቻቸው ያቀርባሉ። ዛሬ ምን እንደ ሆነ፣ ነገ ምን እንዳሰቡ፣ የት እንደ ፈሩ፣ የትኛውን ደሴት ለመውሰድ መርከብ እንደ ላኩ በዝርዝር ያትታሉ፤ አንባቢዎቹም ይመክራሉ፤ ይከራከራሉ፤ አንዳንዴም ይዘልፋሉ። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ባላጋራዎች፣ እያንዳንዱ ለየራሱ፣ ስለ አንዱ ጦርነት ሁለት ዜና መዋዕል ይጽፋሉ። እንግዲህ አስቡት። የጠላት ምክር ሁሉ፣ የመርከቡ መንገድ ሳይቀር፣ በግልጽ ተጽፎ ተቀምጧል። መጽሐፉ ቁልፍ የለውም፤ ዘብም አልቆመበትም። ባላጋራው በሌሊት ገልጦ ቢያነበው የሚያየው ሰው የለም። ነገር ግን አይገልጠውም፤ በአንባቢዎቹም ዘንድ የአንዱን ምሥጢር ለሌላው ማቀበል እንደ ታላቅ ነውር ይቈጠራል።

ባላጋራን ሳያዩ የመተማመን ጥያቄ ከኮምፒዩተር በፊት የነበረ ነው። በአሜሪካ፣ ባልቲሞር ከተማ የነበረው አቫሎን ሂል የተባለው ኩባንያ በ1958 ጀምሮ የጦርነት ጨዋታዎችን በካርቶን ሰሌዳ እያተመ ይሸጥ ነበር፤ ከ1964 ጀምሮም «ዘ ጄኔራል» የተባለ መጽሔት አወጣ፤ ባላጋራ ያጣ ተጫዋች በዚያ መጽሔት እያስታወቀ በሩቅ ከተማ ካለ ሰው ጋራ በፖስታ ይጫወት ነበር። ነገር ግን የውጊያው ውጤት በዳይስ ዕጣ የሚወሰን ሲሆን፣ በሌላ ከተማ ቤቱ ተቀምጦ ዳይስ የጣለ ሰው ስድስት ወጣልኝ ቢል ማን ያምነዋል? መላ ተገኘለት። ተጫዋቹ ውጊያውን በደብዳቤ ሲያስታውቅ አንድ የአክሲዮን ኩባንያና ገና ያልደረሰ አንድ ቀን ይጠቅሳል፤ በዚያ ቀን ጋዜጣ ላይ የሚወጣው የኩባንያው የአክሲዮን ሽያጭ ቍጥር የመጨረሻ አኃዝ በዳይስ ፈንታ ይቈጠራል። ጋዜጣውን ሁለቱም በየከተማቸው ይገዙታል፤ የአክሲዮን ገበያውንም ማናቸውም ሊያጭበረብሩት አይችሉም። በደብዳቤ ጊዜ የተፈጠረች ይህች ብልሃት እጅግ ደስ ታሰኘኛለች።

ዛሬ ዕጣውን የሚጥለው ኮምፒዩተሩ ነው። ኮምፒዩተሩ ሊጠብቀው የማይችለው ግን ገና ብዙ ነገር ቀርቷል። አንዱ የተናገርሁት ዜና መዋዕል ነው። ሁለተኛው ተጫዋቾቹ ከመጀመራቸው በፊት በመካከላቸው የሚያደርጉት ስምምነት ነው፤ የቤት ሕግ ይሉታል። ለምሳሌ ያህል፣ ባለ አራት ሞተር የሆኑት ከባድ ቦምብ ጣዮች ዝቅ ብለው በረው መርከብ እንዳይመቱ ብዙዎች ይስማማሉ፤ በጨዋታው ውስጥ በእውነተኛው ጦርነት ካደረጉት ይልቅ ይቀናቸዋልና። ይህ ስምምነት በኮምፒዩተሩ ውስጥ አልተጻፈም፤ የሚጠብቀው የሰዎቹ ቃል ብቻ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን እስከ መጨረሻው መጫወት ነው። በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ጃፓን ድል በድል ላይ ታገኛለች፤ ማላያ፣ ሲንጋፖር፣ ፊሊፒንስ፣ የሆላንድ ምሥራቅ ሕንድ ተራ በተራ ይወድቃሉ። የተባባሪዎቹ ተጫዋች በየምሽቱ ኢሜይሉን ሲከፍት የሚያገኘው መርዶ ነው። እዚህ ላይ ሥራ በዛብኝ ብሎ የሚሸሽ አለ። ከ1943 በኋላ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ የአሜሪካ ፋብሪካዎች የሚያወጧቸው አዳዲሶቹ አውሮፕላን ተሸካሚ መርከቦች ይደርሳሉ፤ የጃፓኑም የሠለጠኑ አውሮፕላን ነጂዎች አልቀው በጀማሪ ይተካሉ። የጃፓኑ ተጫዋች ጦርነቱን እንደማያሸንፍ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ያውቀው ነበር። በእርግጥ ከ1943 መግቢያ ጀምሮ የአንዱ ነጥብ ከሌላው አራት እጥፍ ከሆነ ጨዋታው በዚያው ያበቃል፤ ሆኖም በባላጋራው ላይ ይህን ያህል የሚበልጥ ሰው ጥቂት ነው። ስለዚህ የሚመዘነው እውነተኛይቱ ጃፓን ካደረገችው በተሻለ መሥራቱ ነው፤ እርስዋ በወደቀችበት ቀን እርሱ ገና ቆሞ ቢገኝ ጀግና ይባላል።

በመምህርነት ዘመኔ የመጀመሪያውን ጥያቄ ሲስት የቀረውን ወረቀት ባዶ አድርጎ የሚያስረክብ ተማሪ በየዓመቱ አላጣሁም። እንግዲህ ያ የጃፓን ተጫዋች ሁለት ዓመት ሲያሸንፍ ከቆየ በኋላ፣ ከዚያ ወዲያ ደግሞ ሁለት ዓመት ሙሉ እየተሸነፈ፣ በየምሽቱ ተቀምጦ የቀሩትን መርከቦቹን አንድ በአንድ ያዛል፤ በሌላ ክፍለ ዓለም ያለው፣ ፊቱን አይቶት የማያውቀው ሰው ደግሞ ያን ያህል ጊዜ መሸነፉን ታግሦ ያሳለፈ ነውና፣ ድሉን ሊያይ ተራው ነው። መተው ይህን ሰው መንጠቅ ነው። በማኅበሩ ልማድ በሕመም፣ በሥራ ወይም በቤተ ሰብ ምክንያት ላልችል ነው ብሎ በግልጽ የሚናገር ሰው አይወቀስም፤ የተወውንም ጦር የሚረከብ ሌላ ሰው ይፈለግለታል። ያለ አንዳች ቃል የጠፋ ግን ሁለተኛ ባላጋራ ለማግኘት ይቸገራል።

ስለዚህ ማኅበር ይህን ያህል ካመሰገንሁ በኋላ የሚከብደኝን ነገር ልተወው አልችልም። በዚህ ጨዋታ የነጥብ መዝገብ ውስጥ መርከብ ይቈጠራል፤ አውሮፕላን ይቈጠራል፤ የተያዘ ወደብ ይቈጠራል። በፌብሩዋሪና በማርች 1945 በማኒላ ከተማ ውጊያ 100000 ያህል ሰላማውያን ሰዎች እንዳለቁ ታሪክ ይናገራል። በጨዋታው ግን ማኒላ ነጥብ ያላት ወደብ ናት፤ የእናቶቹና የሕፃናቱ ዓምድ በመዝገቡ የለም። ከእኛ ወገን አንድ ሰው ማይጨውን እንዲህ ባለ ካርታ ላይ ተሥሎ፣ የመርዙም ጢስ በነጥብ ተለክቶ ቢያገኘው ምን ይሰማው ይሆን? ተጫዋቾቹ ልበ ደንዳኖች ናቸው ማለቴ አይደለም፤ ከመካከላቸው አባታቸው ወይም አያታቸው በዚያ ጦርነት የተሰለፉ አሉ፤ ብዙዎችም ከጨዋታው የተነሣ የታሪክ መጻሕፍት አንባቢዎች ሆነዋል። ቢሆንም አንድ ወጣት ወደዚህ ጨዋታ ሲገባ ወላጁ ስለ ማኒላ የሚናገር መጽሐፍ አብሮ ቢያስይዘው መልካም ይመስለኛል።

ሁለተኛው ሥጋቴ የቤት ጉዳይ ነው። የጃፓኑ ተጫዋች የመጀመሪያዋን ቀን ትእዛዝ ብቻ ለማዘጋጀት ብዙ ምሽቶች ሊፈጅ ይችላል፤ ከዚያ ወዲያም አንድ ተራ አንድ ሰዓት፣ አንዳንዴም ከዚያ የበለጠ ይወስዳል። ይህ ሰዓት የሚወጣው ከሚስት፣ ከልጆች፣ ከእንቅልፍ ወይም ከጸሎት ነው። ከሩቅ አገር ባላጋራ ጋራ ከመስማማቱ በፊት ሰውዬው ከባለቤቱ ጋራ ቢስማማ፣ በሳምንት ስንት ምሽት እንደሚጫወትም አስቀድሞ ቢነግራት፣ ይህ ከቤት ሕጎች ሁሉ የመጀመሪያው ሊሆን ይገባዋል። አንዳንዶቹ ተጫዋቾች በሳምንት ሁለት ወይም ሦስት ተራ ብቻ እንለዋወጣለን ብለው ገና ሲጀምሩ የሚወስኑት ለዚህ ነው፤ ጨዋታው አሥር ዓመት ቢፈጅም አይደነቁም።

በመጨረሻ፣ ከዓመታት በኋላ፣ አንደኛው መማረኩን ይገልጣል፤ ወይም የጨዋታው የመጨረሻ ቀን ይደርሳል። ያን ጊዜ ነው እያንዳንዱ የባላጋራውን ዜና መዋዕል ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ገልጦ የሚያነበው። በ1942 ክረምት ያ የመርከብ ጭፍራ ለምን ሳይዋጋ እንደ ተመለሰ ያን ዕለት ይረዳል። ያን ሌሊት ሁለቱም በየቤታቸው ተቀምጠው፣ አንዱ ሌላውን ፈርቶ፣ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ተመለሱ የሚል ትእዛዝ ጽፈው ኖሯል።