«ለሚቀጥለው ትውልድ» ሲሉ የማንን ልጅ ማለታቸው ነው?

ኖቬምበር 2017 እ.ኤ.አ.፣ ጄኔቫ። ክሪስቲስ የተባለው አጫራች ቤት አንድ የወርቅ የእጅ ሰዓት ለጨረታ አቀረበ። ሥሪቱ ፓቴክ ፊሊፕ፣ የሞዴል ቁጥሩ 2497 ነው። ወሩ 30 ይሁን 31፣ የካቲታቸው 28 ይሁን 29 ራሱ ለይቶ የሚያውቅ፣ የጨረቃን መሙላትና መጉደል የሚያሳይ ሰዓት ነው። የዚህ ሞዴል ሰዓቶች በዓለም ላይ 200 አይሞሉም። ይኼኛው ደግሞ ከሁሉም የሚለይበት ነገር አለው፤ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ነበር። መዶሻው ሲወርድ ሂሳቡ 2.9 ሚሊዮን የስዊስ ፍራንክ ገደማ ደረሰ።

ፓቴክ ፊሊፕ ከ1996 ጀምሮ በማስታወቂያው የሚናገራት አንዲት ዝነኛ ቃል አለች። ሐሳቡ ባጭሩ ይህ ነው፦ ይህን ሰዓት የገዛ ሰው ባለቤቱ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ትውልድ የሚጠብቅ ባለአደራ ነው። አባት ከልጁ ጋር ቆሞ ይታያል፣ ፎቶው ጥቁርና ነጭ ነው፣ ልብ ይነካል።

ታዲያ በጄኔቫው ጉዳይ የሚቀጥለው ትውልድ በእግሩ መጥቶ ነበር። ሰዓቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ለጨረታ የተያዘው በ2015 ነው። ያኔ የንጉሠ ነገሥቱ ተወላጆች የባለቤትነት ጥያቄ አነሱና ሰዓቱ ከጨረታው ወጣ። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ያው ሰዓት ተመልሶ ቀረበ፣ ተሸጠም። የዓለም ጋዜጦች ርዕስ ያደረጉት ዋጋውን ነው። ከአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት እስከ ጄኔቫ አዳራሽ በማን በማን እጅ አለፈ የሚለው ጥያቄ የአንድ ቀን ዜና ሆኖ ቀረ።

የጥንት ሰዓት ሰብሳቢዎች ራሳቸውን «የታሪክ ጠባቂ» ብለው መጥራት ይወዳሉ። ይህ አነጋገር ፈተና አያልፍም። አንድ ሰው ምን እንደሚወድ ማወቅ የፈለገ ሲገዛ ምን እንደሚጠይቅ ይመልከት።

ሰብሳቢው ሰዓቱን በአጉሊ መነጽር ያየዋል። አካሉ ተወልውሎ ጠርዙ ሟሽሿል ወይ? የሰዓቱ ፊት እንደገና ተቀብቷል ወይ? ዘንጎቹ የራሱ ናቸው ወይስ ከሌላ የመጡ? በጨለማ የሚያበራው ቅብ ዕድሜው ከቀሪው አካል ጋር ይስማማል? ፀሐይ መትቶት ጥቁር ፊቱ ወደ ቡናማ የተለወጠ ሰዓት «ትሮፒካል» ይባልና ዋጋው ጭራሽ ይጨምራል። ሳጥኑ አለ? የመጀመሪያው ማሰሪያ፣ ደረሰኙስ? በመጨረሻ ከፋብሪካው መዝገብ የተገለበጠ ማስረጃ ይጠየቃል። ማስረጃው የሞተሩንና የአካሉን ቁጥር፣ የተሠራበትን ዓመትና መጀመሪያ የተሸጠበትን ቀን ይናገራል።

ከዚያ ቀን በኋላ ስላለው ግን አንድ ቃል አይናገርም። ማን ለማን ሰጠ? ማን ወረሰ? ማን ነጠቀ? ወረቀቱ የሚመሰክረው ለብረቱ ነው። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ይህ ወረቀት የያዘው የብረቱን ልደት ብቻ ነው። የሰውን ታሪክ ቀድሞውኑ አልያዘም። አንዲት የተቀየረች ዘንግ ስትገኝ ዋጋው ይወድቃል። በመሐል የጠፋ የሃያና የሠላሳ ዓመት የባለቤትነት ታሪክ ግን «ምስጢራዊ ጉዞ» ተብሎ በካታሎጉ ላይ ጌጥ ይሆናል።

ነገሩ የአንድ ሰዓት ብቻ አይደለም። የቬትናሙ ንጉሥ ባኦ ዳይ በ1954 ጄኔቫ ውስጥ የገዛው ሮሌክስ በ2002 ሲሸጥ 235,000 ዶላር ገደማ አወጣ፤ በ2017 ከ5 ሚሊዮን ዶላር በላይ ተሸጠ። ንጉሡ በ1955 ከሥልጣን የወረደ ሰው ነው። የቻይናው የመጨረሻ ንጉሠ ነገሥት ፑዪ በሶቪየት እስር ላይ ሳለ ፓቴክ ፊሊፑን ለአስተርጓሚው ሰጠ፤ በ2023 ሆንግ ኮንግ ላይ ከ6 ሚሊዮን ዶላር በላይ ወጣበት። የፊቱ ቀለም ተፍቋል። እንደሚተረከው ፑዪ ከሥሩ ያለው ብረት ፕላቲነም መሆኑን ለማወቅ አሽከሩን አስፍቆት ነው። ሌላ ሰዓት ቢሆን ያ ጭረት ያረክሰው ነበር። የእስረኛ ንጉሥ ጭረት ስለሆነ ግን የታሪኩ ማድመቂያ ሆነ።

የሦስት የወደቁ ነገሥታት ሦስት ሰዓቶች። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው ተረት ጄኔቫ ሲደርስ ተገልብጧል፤ ንጉሡ ሲሻር የሚበላው ሌላ ነው። ገበያው ዋጋ የሚያወጣው ለዙፋኑ ብቻ አይደለም፤ ለውድቀቱም ጭምር ነው። ዙፋኑ ባይወድቅ ሰዓቱ ገበያ ላይ ባልተገኘም ነበር።

«የድሮ ዕቃ ነው፣ ባለቤትነቱን እጅ በእጅ መከታተል አይቻልም» የሚል ይኖራል። ውሸት ነው። የተዋናዩ የፖል ኒውማን ሮሌክስ ዴይቶና በኦክቶበር 2017 ኒው ዮርክ ላይ በ17.75 ሚሊዮን ዶላር ሲሸጥ እያንዳንዷ እጅ ትታወቅ ነበር። ሚስቱ ጆአን ውድዋርድ ገዛችለት፣ ከጀርባው ተጠንቅቆ እንዲነዳ የሚመክር ቃል አስቀረጸችበት፣ እሱ ደግሞ በ1984 ለልጁ ጓደኛ ለነበረ ወጣት ሰጠው፣ ወጣቱ አድጎ ሸጠው። ታሪኩ ሲያምር ሰንሰለቱ ሁሉ ይቆጠራል ማለት ነው። ጥያቄ የሚያስነሳ ሲሆን ብቻ ነው መቁጠር የሚያቅተው።

ወረቀቱስ ራሱ ቢሆን? በኖቬምበር 2021 አንድ የ1950ዎቹ ኦሜጋ ስፒድማስተር ከ3 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ተሸጠ። በ2023 ኦሜጋ ራሱ ሰዓቱ ከተለያዩ ሰዓቶች ክፍሎች የተገጣጠመ መሆኑንና የራሱ የቀድሞ ሠራተኞች እንዳሉበት አሳወቀ። የገዛው ደግሞ የኦሜጋ የራሱ የቅርስ ክፍል ነበር። ሠሪው የራሱን ሥራ መለየት ካቃተው፣ የሰብሳቢው አጉሊ መነጽር የሚያድነው ማንን ነው?

ለሰብሳቢዎቹም የሚገባቸውን መንፈግ አይገባም። እነሱ ባይኖሩ ብዙ ወርቅ ሰዓት በግራም ተመዝኖ ቀልጦ የጆሮ ጉትቻ ሆኖ ነበር። በእጅ የሚሞላ ሞተር መጠገን የሚችል ባለሙያም የሚኖረው እነሱ ስለሚከፍሉ ነው። ግን ዕቃን ማዳንና ታሪክን መጠበቅ አንድ አይደሉም።

ባለአደራነት ምን እንደሚመስል ማየት የሚፈልግ ሮተርዳምን ይመልከት። ሲራክ አስፋው የተባለ በስደት የሚኖር ኢትዮጵያዊ በ1998 እንግዳ ትቶት በሄደ ሻንጣ ውስጥ የ18ኛው ክፍለ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ዘውድ አገኘ። አልሸጠውም። ሃያ ዓመት ካለፈው በኋላም ቢሆን ጊዜው ሲመቸው አስታወቀ፤ ዘውዱ በፌብሩዋሪ 2020 አዲስ አበባ ገባ። ያ ሰው አጉሊ መነጽር አልነበረውም። የነበረው አንድ ጥያቄ ነው፦ «ይህ የማን ነው?»

ወቀሳው ሁሉ ለጄኔቫ ቢሰጥ ግን ራስን መሸንገል ነው። ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል። ስለ 1868ቱ የመቅደላ ዘረፋ በየመድረኩ ይጮሃል፣ መጮህም ይገባል። ከመስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. በኋላ ስለተበተነው ንብረት ሲነሳ ግን አዳራሹ ጸጥ ይላል። ምክንያቱም እዚያ የሚከሰሰው የእንግሊዝ ጄኔራል ሳይሆን የሰፈር ሰው ነው። ንጉሡን የሚወድም የሚጠላም አንድ ነገር ላይ ይስማማ፦ የቤተ መንግሥቱ ዕቃ የመንግሥት ከሆነ ሕዝብ ገልጦ የሚያየው መዝገብ ያስፈልገዋል፤ የቤተሰብ ከሆነም ቤተሰቡ በሰላም ይረከበው። ሦስተኛ መንገድ የለም።

ከአጫራቾችም የሚጠበቀው ትንሽ ነው። የሀገር መሪ የነበረን ሰው ዕቃ የሚሸጥ ከዘንጉና ከቅቡ እኩል የእጆቹን ዝርዝር በካታሎጉ ያትም። ጎደሎ ካለ ጎደሎ ብሎ ይጻፍ። ያንን የማይጠይቅ ገዢ ደግሞ ሰዓቱን ይግዛ፣ መብቱ ነው፤ ግን ባለአደራ ነኝ አይበል።

ያ ሰዓት እስከ 2100 እ.ኤ.አ. ድረስ ቀን ሳይስት ይቆጥራል ይባልለታል። አስራ ሁለት ወር ነው የሚያውቀው። የአስራ ሦስት ወሯ ሀገር ጳጉሜን በውስጡ የለችም። በየቀኑ ከሚያልፋት ቀን ሁሉ የሚጎድለው እሷ ብቻ ብትሆን ኖሮ ይቻል ነበር።