ሙቀት ጉልበት አይፈራም

ስለ በረሃ ሙቀትና አቧራ በዚህች የትምህርት ክፍላችን መጽሔት ላይ መጻፍ ለአንዳንድ አንባብያን እንግዳ ሊሆንባቸው ይችላል። «እኛ እኮ የምንኖረው ደጋና ወይና ደጋ ላይ ነው፤ ብርድ እንጂ ሙቀት መቼ አስቸግሮን ያውቃል?» የሚል አይጠፋም። እውነቱን ነው፤ አማኑኤል ላይ በሐምሌ ጠዋት ጋቢውን ሳይደርብ የሚወጣ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ነገር ግን ለአሥርተ ዓመታት ከአማኑኤል፣ ከቢቸና፣ ከሞጣና ከዙሪያቸው ገጠሮች እየተነሣ ለሰሊጥ አረምና አጨዳ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ሲወርድ የኖረው ወጣት የማን ልጅ ነው? የኛው ነው። ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ጦርነትና የመንገድ መዘጋት ጉዞውን በየጊዜው ቢያስተጓጉለውም፣ ችግር የገፋው ሰው መውረዱን አልተወም። ወንድማችን ነው፤ የአጎታችን ልጅ ነው፤ አንዳንዴም በእረፍት ጊዜው ለደብተርና ለልብስ የምትሆን ገንዘብ ሊፈልግ የወረደ የክፍል ጓደኛችን ነው። ስለዚህ የበረሃው ሙቀት የደጋው ሰው ጉዳይ ነው ባይ ነኝ።

እስቲ አሸኛኘታችንን እንመልከት። ልጁ በረሃ ሊወርድ ሲነሣ እናት በሶውን ትቋጥርለታለች፣ አባት ይመርቀዋል፣ ጎረቤት ይመክረዋል። «ከክፉ ባልንጀራ ራቅ፣ ገንዘብህን ለማንም አታሳይ፣ ወባ እንዳይዝህ አጎበር ያዝ» ይባላል። ጥሩ ምክር ነው። ስለ ሙቀቱ ግን ምንም አይባልም። ቢባልም «ጎበዝ ነህ፣ ትችለዋለህ» ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህቺኑ «ትችለዋለህ» የምትለዋን ቃል መሞገት ነው። ሙቀት በጉብዝና የሚመከት ነገር አይደለም። እንዲያውም ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚጥለው ጎበዙን ነው። ለምን ቢሉ፣ ጎበዝ የተባለው ልጅ በመጀመሪያው ቀን ስሙን ለማስጠራት ቀና ሳይል ይሠራልና ነው።

ከተማርነው እንነሣ። ከፍታ በ1,000 ሜትር በቀነሰ ቁጥር የአየሩ ሙቀት በአማካይ 6.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጨምራል። አማኑኤል ከባሕር ወለል በላይ ከ2,000 ሜትር በላይ ላይ ስትሆን፣ መተማ ዮሐንስና ሁመራ ከ1,000 ሜትር በታች ናቸው። ልጁ በአውቶቡስ ወይም በአይሱዙ ተጭኖ ሲወርድ ሰውነቱ የማያውቀው አገር ገባ ማለት ነው። ሩቅም መሄድ አያስፈልግም፤ ከደጀን ወደ ዓባይ ድልድይ ቁልቁል የወረደ ሁሉ ሹራቡን እያወለቀ ይህን ለውጥ ያየዋል።

የሰው ሰውነት የውስጥ ሙቀቱን በ37 ዲግሪ አካባቢ ጠብቆ መኖር አለበት። የቆዳችን ሙቀት ደግሞ ወደ 35 ዲግሪ ይጠጋል። የውጪው አየር ከዚህ ሲያንስ ሙቀታችንን ለአየሩ እንሰጣለን፤ ሲበልጥ ግን ነገሩ ተገልብጦ አየሩ ራሱ ያሞቀናል። ያን ጊዜ የሚቀረን መከላከያ ላብ ብቻ ነው። ላቡ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በደረቁ በረሃ ላቡ እንደወጣ ስለሚተን ሰውየው ምን ያህል ውሃ እንዳጣ አይታወቀውም። ሸሚዙ ደረቅ ስለሆነ ያላላበው ይመስለዋል፤ ውስጡ ግን እየደረቀ ነው። እያሳሳቀ የሚወስድ ውሃ ማለት ይሄ ነው።

ታዲያ የበረሃው ሰው እንዴት ይኖራል? ሰውነት ሙቀትን ይለምዳል፤ ግን ጊዜ ይፈልጋል። ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ላቡ ቶሎ መውጣት ይጀምራል፣ መጠኑ ይጨምራል፣ ከላቡ ጋር የሚወጣው ጨው ይቀንሳል፣ የልብ ምትም ይረጋጋል። ይህ ዛሬ የተገኘ ዕውቀት አይደለም። በደቡብ አፍሪካ ጥልቅ የወርቅ ማውጫዎች ውስጥ አዲስ ገቢ ሠራተኞች በሙቀት እየወደቁ ሲሞቱ፣ በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ ላይ ሠራተኛውን ቀስ በቀስ የማለማመድ ሥርዓት ተዘርግቶ ነበር። ዛሬም በአሜሪካ የሥራ ላይ ደኅንነት ተቋማት ምክር ይሄው ነው፤ አዲስ ሠራተኛ በመጀመሪያው ቀን በሙቀት ውስጥ የሚሠራው ከሙሉ ሥራው 20 በመቶውን ብቻ ይሁን፣ ከዚያም በየቀኑ ከ20 በመቶ ያልበለጠ ይጨመርለት ይላሉ። ምክንያቱም በሙቀት ከሚሞቱት የውጪ ሠራተኞች አብዛኞቹ የሚሞቱት በመጀመሪያዎቹ ጥቂት ቀናት ነው። እኛ ጋ የሚደረገው ግን ተገላቢጦሹ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ብርታት ይታያል፣ በሳምንቱ ድካም ይመጣል።

እዚህ ላይ የሚከራከረኝ ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ። «ይሄ ሁሉ ለደኻ አይሠራም» ይለኛል። ክርክሩ መሠረት አለው። ሰሊጥ ብዙ አይታገስም፤ በደረሰ ጊዜ ካልታጨደ ፍሬው እየተከፈተ መሬት ላይ ይረግፋል። ባለሀብቱ ይቸኩላል። ሠራተኛውም ሥራውን በኮንትራት ከያዘ የሚከፈለው ባጨደው ልክ ነው፤ የማዳበሪያ ዕዳ ቤቱ ይጠብቀዋል። ለሱ አንድ ሰዓት ማረፍ ማለት ገንዘብ ማጣት ነው። ታዲያ እኔ የምለው ሥራው ይቅር አይደለም፤ ሰዓቱ ይዛወር ነው። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ጀምሮ እስከ ረፋዱ 4 ሰዓት፣ ከዚያ ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት እስከ ምሽቱ 1 ሰዓት ቢሠራ 8 ሰዓት ይሞላል። በረሃን የሚያውቅ ሰው ከቀትር ጋር አይታገልም። ከ1960 እስከ 1966 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በተደረገ ልኬት የዓመቱ አማካይ ሙቀት ከ34 ዲግሪ በላይ በሆነበት በዳሎል አካባቢ ጨው የሚጭኑ ነጋዴዎች እንኳ ግመሎቻቸውን በሌሊትና በማለዳ ነው የሚነዱት።

የውሃውንም ሒሳብ እንሥራው። በከባድ ሙቀት የሚሠራ ሰው በየ15 እና 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ፣ ማለትም በሰዓት እስከ አንድ ሊትር መጠጣት አለበት ይባላል። ሲጠማው ብቻ ከጠበቀ ቀድሞ ደርቋል። ለ6 ሰዓት ብንይዘው እንኳ ለአንድ ሰው 6 ሊትር ይሆናል። እንግዲያው ሁላችንም የምናውቀው 20 ሊትር የሚይዘው ቢጫ ጀሪካን ለ3 ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። 60 ሠራተኛ ያሰማራ ባለሀብት በቀን 20 ጀሪካን ማቅረብ አለበት ማለት ነው። ማሳ ላይ ለ60 ሰው አንድ በርሜል አቁሞ «ውሃ አለ» ማለት ቀልድ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን እርምጃ እንዲወስድ ያስገድደዋል። በበረሃ ከውሃና ከጥላ የበለጠ አስፈላጊ እርምጃ ምን አለ?

ውሃ ብቻውንም አይበቃም። ላብ ጨውም ይዞ ይወጣልና። እናት የቋጠረችው በሶ ጨው ጣል ተደርጎበት ሲበጠበጥ ጥሩ መጠጥ ነው። በላብ ብዛት ለተዳከመ ደግሞ ኦ.አር.ኤስ ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ 6 ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው መበጥበጥ ይቻላል። ሽንቱ እንደ ጠላ ከጠቆረ ውሃ አንሶታል ማለት ነው። አረቄው ግን ይቅር፤ ሰውነት የያዘውን ውሃ ነው የሚያስወጣው። ሸሚዝ አውልቆ መሥራትም አይጠቅምም። ሰፋ ያለ እጀ ረጅም ነጭ ልብስና ባርኔጣ ፀሐዩን ይመልሳል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። በኛ አገር ፀሐይ ያገኘው ሰው ራሱን ሲያመው፣ ሲያተኩሰውና ሲያቅለሸልሸው «ምች መታው» ይባላል። ዳማ ከሴ ተጨምቆ በቡና ይጠጣል፣ ሰውነቱም ይታሻል፤ ከዚያ ጋቢ ተደርቦበት እንዲያልበው ይደረጋል። እኔ ዳማ ከሴን ልነቅፍ አልተነሣሁም። ብዙዎቻችን እሱን እየጠጣን ነው ያደግነው። ግን በመተማ ማሳ ላይ ተዝለፍልፎ የወደቀው ልጅ ሌላ ነገር ይዞት ሊሆን ይችላል፤ እሱም የሙቀት ምት የሚባለው ነው። የውስጥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አልፏል፤ አንጎሉ፣ ኩላሊቱና ጉበቱ እየተጎዱ ነው። ለዚህ ሰው ጋቢ መደረብ እሳት ላይ እንጨት መጨመር ነው።

እንዴት እንለየው? ድካም፣ ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽና የጡንቻ መኮማተር ሲመጣ ሰውየው ገና በማስጠንቀቂያው ላይ ነው። ጥላ፣ ውሃና ዕረፍት ይመልሰዋል። ነገር ግን መቀባጠር፣ መንገዳገድ፣ የሚያውቀውን ሰው አለማወቅ ወይም ራስን መሳት ከመጣ የሙቀት ምት ነው ብለን እንነሣ። «ገና ያልበዋል፣ ስለዚህ ደህና ነው» አይባልም። በሥራ ላይ የተመታ ሰው እያላበውም የሙቀት ምት ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ መጀመሪያ ማቀዝቀዝ ነው፤ ማጓጓዙ ከዚያ ይከተላል። ወደ ጥላ ወስዶ የላይ ልብሱን ማውለቅ፣ ያለውን ውሃ ሁሉ በመላ ሰውነቱ ላይ ማፍሰስ፣ በነጠላም በካርቶንም ማራገብ፣ አንገቱን፣ ብብቱንና ብሽሽቱን በእርጥብ ጨርቅ መሸፈን ይገባል። ራሱን ከሳተ ውሃ በአፉ አይሰጥም፤ ይታነቃል። በጎኑ ማስተኛት ነው። ይህን እያደረግን መኪና እናስፈልግ፤ ወደ ጤና ጣቢያ ሲሄድም ማራገቡና ማርጠቡ አይቋረጥ። ቆላ ውስጥ ወባም አለ፣ በደረቁ ወራት የማጅራት ገትርም አለ፤ የትኩሳቱን ምንጭ የሚለየው ሐኪም ነው።

አቧራውን ደግሞ አንርሳ። ከሱዳን በኩል ሱዳኖች ሀቡብ የሚሉት ነፋስ በክረምት መግቢያ ላይ ሲነሣ አቧራውን እንደ ግድግዳ አቁሞ ነው የሚመጣው። በደቂቃዎች ውስጥ ቀኑ ይጨልማል። ሹፌሩ አስፋልቱን ሙሉ በሙሉ ለቆ ወጥቶ መቆም፣ መብራቱንም ማጥፋት አለበት። መብራት ከበራ ከኋላ የሚመጣው መንገድ ላይ ያለ መስሎት ተከትሎ ይገባበታል። አይሱዙ ላይ የተጫነው ሰው ዝቅ ብሎ ጀርባውን ለነፋሱ ይስጥ፤ አፍና አፍንጫውን በረጠበ ነጠላ ይሸፍን፤ ዓይኑን አይሽ፣ በኋላ በንጹሕ ውሃ ይታጠብ። ነጠላ ሻካራውን አቧራ እንጂ ደቃቁን አያስቀርም። ስለዚህ አስም ያለበት ሰው ፊት ላይ በደንብ የሚገጥም ማስክና መድኃኒቱን ሳይዝ መውረድ የለበትም።

ሙቀት ሀብታምና ደኻ አይለይም የሚሉ አሉ። ይለያል እንጂ! በሰኔ 2016 ዓ.ም. በመካ የሐጅ ጸሎት ጊዜ ሙቀቱ ከ51 ዲግሪ አልፎ ከ1,300 በላይ ሰዎች ሞቱ። የሳውዲ መንግሥት እንዳስታወቀው ከሟቾቹ 83 በመቶው ፈቃድ ያልነበራቸውና ያለ በቂ መጠለያ በፀሐይ ረጅም መንገድ የተጓዙ ናቸው። ፀሐይዋ አንድ ናት፤ የተለየው ጥላ ማግኘቱ ነው። የኛም የቀን ሠራተኛ ጥላውን ራሱ ይዞ አይሄድም። ጥላውን የሚያቆምለት አሠሪው ነው፣ ዕውቀቱን የሚሰጠው ደግሞ የተማረው ነው።

የተማረው ማን ነው? እኛ ነን። ጉዞው የሚጀምርበትን ወር እናውቃለን፤ ለአረም በክረምት፣ ለአጨዳ በመስከረም ነው። ሰው የሚሳፈርበትንም መናኸሪያ እናውቃለን። እንግዲያው የትምህርት ክፍላችን ተማሪዎች ከመምህራኖቻችን ጋር ሆነን አንድ ገጽ ወረቀት በቀላል አማርኛ ብናዘጋጅ ምን ይከብደናል? ወደየቤታችን ስንሄድ በመናኸሪያ፣ ከቅዳሴ በኋላ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር፣ በዕድር ስብሰባ ላይ አራት ነገር ብቻ እንንገር፤ የመጀመሪያውን ሳምንት ቀስ በል፣ ከቀትር ሽሽ፣ ሳይጠማህ ጠጣ፣ የወደቀውን ጋቢ ሳትደርብ ውሃ አፍስስበት። ማንበብ ለማይችለው በቃል እንንገረው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይባል የለ? ለሚወርደውም ከብርታቱ በፊት ዕውቀቱ ይቅደምለት።

የሚወርዱትን በሰላም ይመልስልን። ሌሎችም በዚሁ ጉዳይ ላይ ሐሳባቸውን ቢጽፉበት ደስ ይለኛል።